በፎቶ ላይ ያጠረው ሹራብ

በየቀኑ ፎቶ የምነሳበት ምክንያት ተነግሮን ነበር። በሰፈራችን ግን አንድም ሰው አላመነውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰቆጣ ላይ ለሴቶች የሹራብ ሥራ የሚያስተምር ማሠልጠኛ ተከፍቶ አሥራ ስምንት ልጆች ገባን። ገሚሶቹ የከተማው ልጆች ነበሩ፤ ሌሎቻችን ከየወረዳው ተመርጠን የመጣን ነን። እኔ ከፃግብጂ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ዕድሉ የመጣው። አባቴ ሲልከኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ሥልጠናው ከሆነልሽ ይሁን፣ ካልሆነልሽ ግን የተጠየቅሽለት ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። የተጠየቅኩለትን ሰው አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሠልጠኛው መባረር ማለት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ያረፍኩት አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛዬ የትምህርት ቤት አማርኛ ስለነበር ከተማ ውስጥ አፌን ለመክፈት እፈራ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ መልሱን በሆዴ አዘጋጅቼ ስጨርስ ጠያቂው ሄዷል።

አሠልጣኛችን ከደሴ የመጣች ወጣት ሴት ስትሆን «ቲቸር» እንላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ካሜራ ይዛ መጣችና፣ ክሩንና መርፌዎቹን የሰጡን ሰዎች የአንዲትን ተማሪ ሥራ ምንም ከማታውቅበት ቀን አንሥቶ እስከምትመረቅበት ቀን ድረስ በየቀኑ በፎቶ ማየት እንደሚፈልጉ ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እኔ?» አልኩ።

«አንቺ። ሌሎቹን ሳነሳቸው እያወሩ አፋቸው ተከፍቶ ነው የሚወጣው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ለምን እሷ? ከገጠር የመጣች፣ መናገር የማትችል ልጅ ለምን ተመረጠች? ይህን ጥያቄ በፊታቸው ላይ አነበብኩት፤ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሥራዬን ጭኔ ላይ ከታች እስከ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ መርፌዎቹን እይዛለሁ። ቲቸር አንድ ፎቶ ታነሳኛለች፤ ወዲያው የፎቶውን ቁጥርና ቀኑን በደብተር ትጽፋለች። አንድ ብቻ ነው የምታነሳው፤ ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ስለሚይዝ ይቆጠብ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቦኖ ውኃ ደረሰ። ጠዋት ጀሪካኔን ሰልፍ ላይ ሳስቀምጥ ሴቶቹ ይቀበሉኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንትም አነሱሽ?»

«አዎ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ያነሱኛል።»

«ምነው፣ ፊትሽ በየቀኑ ይለወጣል እንዴ?»

«ባል እያሳዩላት ነው» አለች ሌላዋ።

«ባል ከሆነ አንድ ፎቶ ይበቃዋል። ይሄ የሰፈራ ነገር ነው። መጀመሪያ ያነሱሻል፣ ከዚያ መኪና ላይ ይጭኑሻል።»

«ሰፈራ ለእሷ ብቻ ይመጣል? የእርዳታውን ስንዴ ሊቀንሱብን ነው እንጂ። ‹ይኸው፣ ሹራብ ይሠራሉ፣ ምን ጎደላቸው› ሊሉ።»

ይህን ያለችው አሮጊት ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ ነሳችኝ። ስንዴው ግን አልተቀነሰም፤ ሰፈራም ሄጄ አላውቅም። ቢሆንም በየቀኑ መስኮቱ ጋ ስቀመጥ፣ ካሜራው ጠቅ ሲል፣ ይቺ ፎቶ የት ነው የምትሄደው እያልኩ እጠራጠር ነበር።

አክስቴ ደግሞ ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን እየፈተሉ ሳለ «አንቺን ነው የሚያነሱት ወይስ ሥራሽን?» አሉኝ።

«ሁለቱንም።»

«ቀኑንስ ይጽፉታል?»

«አዎ፣ በደብተር ይጽፉታል።»

እንዝርታቸውን አቆሙ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

የማሠልጠኛው ቀን እንደ መንግሥት ቢሮ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ የወር በዓል ሆነም አልሆነም። በእኛ አገር ደግሞ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ሴት እንዝርት አትነካም። ልጆቹ ይህን በዘዴ አለፉት። በእነዚያ ቀናት መርፌዎቻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ አይሠሩም። ቲቸር በአጠገባቸው ስታልፍ መርፌዎቹን ያንቀሳቅሷቸዋል፤ ስታልፍ ያቆማሉ። አንዷ ቀኑን ሙሉ ክር ጠቅልላ፣ ፈትታ፣ እንደገና ጠቅልላ ትውል ነበር። በእውነት የምንሠራው ሁለት ብቻ ነበርን። አንዷ አጠገቤ የምትቀመጠው የባለሱቁ ልጅ ናት፤ እስላም ስለሆነች በዓሉ አይመለከታትም። ሌላዋ እኔ ነኝ፤ ፎቶው ላይ ሥራው ከትናንት ጨምሮ መታየት ስላለበት ቲቸር «እጅሽ ይንቀሳቀስ» እያለች ከእኔ ላይ ዐይኗን አታነሳም።

የባለሱቁ ልጅ ከሁላችንም ፈጣን ነበረች፤ እጇም አፏም። በመርፌው ላይ የተሰለፈው የክር ቀለበት ሲያመልጠኝ «አምጪው፣ አምጪው» ብላ ትነጥቀኛለች። የወደቀውን ቀለበት አንሥታ ወደ መርፌው ስትመልስ ፊቱ ወዴት መዞር እንዳለበት ያሳየችኝ እሷ ናት። «ካዞርሽው ይጣመማል። ይኸው፣ እንዲህ። በግራ በኩል የሚያልፈው ክር ወደ ፊት ይሁን። ዐይንሽን ብቻ አታሠሪው፣ እጅሽም ይማር» ትለኝ ነበር። እወዳት ነበር። እሷ ግን እንደምወዳት የምታውቅ አይመስለኝም፤ ነግሬያት አላውቅም።

የምንሠራው ሹራብ የራሳችን ነበር፤ በየቦርሳችን ይዘነው ከቤት ማሠልጠኛ እንመላለሳለን። የመጀመሪያ ሹራባችንን በምረቃው ቀን ለብሰን እንድንቆም ነው የታሰበው። የሁላችንም ክር አንድ ዓይነት፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነበር። ለእያንዳንዳችን በሚዛን ተመዝኖ ተሰጠን፤ በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ደግሞ የተሠራውና ያልተሠራው አንድ ላይ ይመዘናል።

በመጀመሪያው ሚዛን የእኔ ጎደለ። ትንሽ ነው። ቲቸር ሚዛኑን አስተካክላ ደግማ መዘነችው፤ ጎደለ። በሁለተኛው ሚዛን ይበልጥ ጎደለ።

«ክር ክንፍ የለውም» አለችኝ። «ወይ አንቺ ትወስጃለሽ፣ ወይ የሚወስድብሽ አለ። በሦስተኛው ከጎደለ እኔም ልረዳሽ አልችልም። ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

ሥራዬን አጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ደግሞ ሌላ ያልተናገርኩት ነገር ነበር። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሥራዬን ከቦርሳ ሳወጣው ያጥርብኛል። ትናንት እምብርቴ ጋ የደረሰ የመሰለኝ ዛሬ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ በራሴ ተጠራጠርኩ፤ ትናንት ብዙ የሠራሁ መስሎኝ ይሆናል እያልኩ አለፍኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። የማሠልጠኛውን የጽዳት ሠራተኛ ጠረጠርኩ፤ እሷ ግን የእኛን ክፍል የምትከፍተው ቅዳሜ ብቻ ነው። ከኋላዬ የሚቀመጡትን ሁለት ልጆች ጠረጠርኩ። ከዚያ የባለሱቁን ልጅ ማየት ጀመርኩ።

በረፍት ጊዜ ሁላችንም ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ደጅ ስንወጣ እሷ እየሠራች ውስጥ ትቀራለች። ቦርሳዬ ከጎኗ አግዳሚው ወንበር ላይ ነው። በሥራ ደግሞ ከሁላችንም ቀድማለች፤ እኛ ጀርባውን ሳንጨርስ እሷ እጅጌ ጀምራለች። ይህ ሁሉ በፊት ጉብዝና ነበር። አሁን ሌላ መስሎ ታየኝ።

በገበያ ቀን አክስቴ ጨው እንድገዛ ላኩኝ። ከዝቋላ ወረዳ ማሽላ ጭነው የመጡ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ ፍየሎቹን አልፌ ወደ ልጅቷ አባት ሱቅ ገባሁ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ክር አየሁ። ሦስት ጥቅል ነው። የእኛው ዓይነት፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ። ጨዉን ተቀብዬ ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ ሦስቱን ጥቅል በልቤ ስመዝናቸው መጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ክር ሲያመልጠኝ አልሰጣትም። «አምጪው» ስትለኝ ሥራዬን ወደ ሌላኛው ጎኔ አዞራለሁ።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምንም።»

«ምንም የሚል ሰው እንደዚህ አይቀመጥም» ብላ ሳቀች። አብሬያት አልሳቅሁም።

ፊልሙ ሲያልቅ ቲቸር በአውቶቡስ ሹፌር ወደ ወልድያ ላከችው። ታጥቦ እስኪመጣ ብዙ ቀን ቆየ። በመጣ ዕለት ከትምህርት በኋላ እኔን ብቻ አስቀርታ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በየቀናቸው ደረደረቻቸው። ራሴን እንደዚያ ተደርድሬ ሳይ ደነገጥኩ። በአንዱ ላይ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። በሌላው ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዷል። በሁሉም ላይ አንድ ነገር የደበቅሁ ሰው እመስላለሁ።

ቲቸር ግን እኔን አላየችም፤ ሹራቡን ነው ያየችው። ሁለት ፎቶ ለይታ ጎን ለጎን አደረገች።

«ይሄ የማክሰኞ ነው። ይሄ ደግሞ የረቡዕ። የረቡዑ ከማክሰኞው ያጥራል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሹራብ ወደ ኋላ ያድጋል እንዴ? ተርትረሽዋል?»

«አልተረተርኩም።»

«እንግዲያው ማን ነው የተረተረው?»

«አላውቅም» አልኩ። በአፌ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ዐይኔ ግን ሄዶ ባዶው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የባለሱቁ ልጅ በምትቀመጥበት ቦታ ላይ አረፈ። ቲቸርም ዐይኔን ተከትላ ወደዚያ አየች። እንዳየች አወቅሁ። አይደለም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

በማግስቱ በሁላችንም ፊት ቦርሳዋን ፈተሸችው። ከራሷ ሥራ ሌላ ግማሽ ጥቅል አረንጓዴ ክር ተገኘ።

«ከሱቃችን ነው» አለች ልጅቷ። «አባቴን ጠይቁት። እቤት ለእህቴ ካልሲ እየሠራሁ ነው።»

«የባለሱቅ ልጅ ምን ጎደላት ብላ ትሰርቃለች?» አለች ከኋላ አንዷ።

«ሱቁ እንዴት ሞላ ብለሽ ነው?» አለች ሌላዋ። ሳቅ ሆነ።

የባለሱቁ ልጅ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ክሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የማሠልጠኛውን መርፌዎች ከሥራዋ ላይ በጥንቃቄ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ተናገሪ እንጂ። ቦርሳሽን ስነካ አይተሽኛል?»

አንገቴን ደፋሁ። እሷም ወጥታ ሄደች።

ፎቶዎቹን ወደ አልበም የምከተው እኔ ሆንኩ፤ ጽሑፌ ስለሚነበብ ቲቸር ደብተሩን ሰጥታ በየፎቶው ጀርባ ቀኑን እንድጽፍ አዘዘችኝ። ከትምህርት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ጥርጣሬዬ ስለተረጋገጠ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ስለዚህ ሹራቡ ያጠረባቸውን ፎቶዎች ደጋግሜ ማየት ጀመርኩ። እሷ መሆኗን እርግጠኛ ለመሆን ነበር።

ካጠረባቸው ቀኖች በኋላ በተነሱት ፎቶዎች ላይ በሹራቡ ላይ አግድም የሚሄድ ቀጭን መስመር ይታያል። የፎቶው ጭረት መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት፤ አልጠፋም። ሹራቡን ራሱን ከቦርሳ አውጥቼ ወደ ብርሃኑ አደረግሁት። መስመሩ ሹራቡ ላይም አለ። አንድ ረድፍ ሙሉ፣ ቀለበቶቹ ሁሉ የተጣመሙ ናቸው። ከታች ጀምሬ ስቆጥር እንደዚያ ያለ ረድፍ አምስት ቦታ አገኘሁ፤ አምስቱም ሥራው ያጠረባቸው ቦታዎች ናቸው።

አንድ ሰው ሹራቡን ተርትሮ፣ ቀለበቶቹን ወደ መርፌው ሲመልስ ሁሉንም በተቃራኒ አዙሮ ነው የመለሰው። ቀለበት ሲመለስ ፊቱ ወዴት እንደሚዞር ያሳየችኝ የባለሱቁ ልጅ ናት። እሷ ጨለማ ውስጥ እንኳ እንደዚህ አትሳሳትም። ከአሥራ ስምንታችን ማንም አይሳሳትም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ነው። ይህን ያደረገው እጁ ከክር ጋር የለመደ፣ ሹራብ ግን የማያውቅ ሰው ነው።

ፎቶዎቹን ገለበጥኩና ራሴ የጻፍኳቸውን ቀኖች አነበብኩ። ሹራቡ ያጠረው አሥራ ሦስት ቀን ላይ ነው። ሃያ ሁለት ላይ። ሃያ ስምንት ላይ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ አሥራ ሦስትና ሃያ ሁለት ላይ። ሁሉም የበዓል ማግስት ነው፤ የሚካኤል ማግስት፣ የማርያም ማግስት፣ የመድኃኔዓለም ማግስት።

ፎቶዎቹን በየቀናቸው ወደ አልበሙ መለስኳቸው። ቲቸር ከበሩ «አልጨረስሽም?» አለችኝ። «ጨርሻለሁ» አልኩ።

የሚቀጥለው በዓል እስኪደርስ ለማንም አልተናገርኩም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። አክስቴን ግን እንደ ሌባ እያየሁ ነበር። ምግብ ሲያቀርቡልኝ እጃቸውን አያለሁ። ቦርሳዬን ከምሰቅልበት እንጨት አጠገብ ሲያልፉ ዞሬ አያቸዋለሁ። እሳቸው እንደ ሁልጊዜው ነበሩ፤ ያም ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

በማርያም ቀን እንደታዘዝኩት ሠራሁ፤ ስምንት ረድፍ። በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ፤ ሰልፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። አክስቴ ደጃፉ ላይ ወደ ብርሃኑ ዞረው ተቀምጠዋል። ሹራቤ ጭናቸው ላይ ነው። ክሩን እየተረተሩ በሁለት ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፤ እንደ ፈታይ፣ ሳይቸኩሉ።

አዩኝ፤ አልደነገጡም። «ውኃውስ?» አሉ።

«ምን እያደረጉ ነው አክስቴ?»

«የትናንቱን እያወጣሁ ነው። የማርያምን።»

«የትናንቱ የት ጋ እንደሆነ እንዴት አወቁት?»

«በዋዜማው በስንዝሬ እለካዋለሁ። አንድም ረድፍ እንዳይቀር ደግሞ ትንሽ አልፌ አወጣለሁ። ዕውር ነኝ እንዴ?»

እሳቸው ቀጠሉ። «ይህን የምትለብሺው አንቺ ነሽ። በማርያም ቀን የተሠራ ልብስ ገላሽ ላይ ይረፍ? እናትሽ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ።»

«የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።»

«እሱንማ ፎቶ አንስተውታል። ቀኑንም ጽፈውበታል። ‹በማርያም ቀን እጇን አላሳረፈችም› ብሎ የሚመሰክርብሽ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ጋ እኔ አልደርስም። ልብሱ ጋ ግን እደርሳለሁ።»

«ክሩን ምን አደረጉት?»

ወደ ማገሩ ጠቆሙ። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ብዙ ጊዜ አይቼው እምነት ወይም ጠበል ነክ ነገር መስሎኝ ያልጠየቅኩበት ነው። «የበዓል ነው። እኔም አልፈትለውም፣ አንቺም አትሠሪውም።»

«አክስቴ፣ በዚህ ክር ሰበብ አንዲት ልጅ ሌባ ተብላ ተባርራለች።»

«የማን ልጅ?»

«የባለሱቁ። የጨው ነጋዴው።»

አክስቴ መተርተሩን አቆሙ። ከዚያ ሰው ጨው መግዛት ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። «እሷን ምን አገናኛት?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «እኔን አትጠይቁኝም ነበር?»

ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ያን ቀን ለቲቸር መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። በማግስቱም አልተናገርኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነበር። ልጆቹ በአክስቴ ይስቃሉ አልኩ። አማርኛው አይመጣልኝም አልኩ። ከሁሉም በታች የነበረው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ የእኔን ክር ማንም አልመዘነም፤ ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷል። ዝም ካልኩ እመረቃለሁ፤ ፃግብጂም ሙሽራ ሆኜ አልመለስም። ይህን አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ያኔ ሦስት ቀን ምግብ ከልክሎኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ቲቸር «ሰኞ አዲስ ልጅ ትመጣለች። የጎደለውን ቦታ ትሞላለች» አለችን።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረሁ። አልበሙን ከፈትኩ። ንግግሩን ስለማልችለው ፎቶዎቹን ከአልበሙ እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው፤ የበዓሉን ቀን፣ ከሥሩ የማግስቱን። ከዚያ ሹራቤን ዘርግቼ የተጣመሙትን ረድፎች በጣቴ አሳየኋት። ቲቸር ፎቶዎቹን ገለበጠች፤ ቀኖቹን አነበበች። «አክስቴ ናቸው» አልኳት።

«አክስትሽ ሹራብ ያውቃሉ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አያውቁም።»

ቁጭ አለች። «እኔ ደግሞ ቦርሳዋን ፈተሽኩ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ተነስታ አብረን አክስቴ ቤት ሄድን። አክስቴ ቋጠሮውን አወረዱ፤ ፈትተውም አሳዩአት። ቲቸር እጇን ስትዘረጋ ግን መልሰው ያዙት። «ይዩት እንጂ አይመዝኑትም» አሏት። ቲቸርም አልመዘነችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ። ቲቸር «መጀመሪያ አንቺ» ብላኛለች። አባትየው ሚዛኑ ላይ ስኳር እያደረጉ ነበር።

«ምን ልስጥሽ ልጄ?»

የባንኮኒውን ጠርዝ ያዝኩ። ልጅቷ ከጓዳው በኩል መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ።

«እሷ አትናገርም አባዬ» አለች። «ዝም ብላ ነው ሰው የምታስወጣው።»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ በሥርዓቱ አላስታውስም፤ አማርኛውም ተሰባብሮ ነበር። ስለ በዓሉ፣ ስለ አክስቴ ስንዝር፣ ስለ ተጣመሙት ቀለበቶች ነገርኳቸው። ወደ ወንበሯ ያየሁት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው።

አባትየው ስኳሩን ቋጥረው ለገዢው ሰጡና እስኪወጣ ጠበቁ። «ልጄን ሌባ ያሏት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ ሌባ አይደለችም ልትዪኝ ሱቄ ትመጫለሽ። እኔ መቼ ነው ሌባ ናት ያልኩት?»

ልጅቷ ግን «ቀለበቱን አዙረው ነው የመለሱት?» አለች።

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ትንሽ ፈገግ ልትል ደረሰች፤ ከዚያ ፊቷ ተዘጋ። «ይሄን እያየሽ እኔ ነኝ ብለሽ አሰብሽ?» አለችና መጋረጃውን ጣለችው።

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ አብረው መጡ። ቲቸር በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀች፤ ቀጥላ እኔን አስነሳችኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ክሩን ማንም እንዳልሰረቀ፣ ያለ ማስረጃ የጠረጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያየሁት ነገር እንዳልነበረ። ከኋላ የማውቀው ድምፅ «እኔ እኮ ያኔም አላመንኩም» አለ። ያን ቀን ስለ ሱቁ የቀለደችው ልጅ ናት።

አባትየው ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። አዲሲቷ ልጅ ሌላ ወንበር ተሰጣት። የባለሱቁ ልጅ መርፌዎቿን ተቀብላ የድሮ ቦታዋ፣ ከጎኔ ተቀመጠች። ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ነው። ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ ሳይሆን እግሯ መሐል አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን ቲቸር ሥራ ሳልነካ፣ እጄን አጣጥፌ እንድነሳ ፈቀደችልኝ። ሹራቤን ደግሞ እስከ መጀመሪያው ጠማማ ረድፍ ድረስ እንድተረትረውና እንደገና እንድሠራው አዘዘችኝ። ሌሎቹ እጅጌ ሲሠሩ እኔ ገና ጀርባው ላይ ነበርኩ። ቀለበት ሲያመልጠኝ የባለሱቁ ልጅ ታየዋለች፤ እጇም ሊነሳ ሲል አየዋለሁ። ግን አይነሳም።

«እዚህ ጋ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን። ራሴ ጀምሬ ሰው ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ቲቸርን ጠይቂ» አለችኝ፤ በክፋት አይደለም። «እኔ የአንቺን ክር አልነካም።»

በዚያው ቀን ጥቅሌ ከጭኔ ወድቆ እየተንከባለለ እግሯ ሥር ደረሰና ቆመ። ሥራዋን አቆመች። ሁለት እግሯን ወደ ጎን ሰብስባ፣ እጆቿን ሁሉም በሚያያት ቦታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጎንበስ ብዬ እስካነሳው ጠበቀች።